የአማቼ የዓሣ ቢላ

ሐሙስ፣ ጥቅምት አሥራ አራት ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ አማቼ በአዲስ የጃፓን ቢላ አንድ ሙሉ ሳልመን አበላሹ። ቦታው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ ያለው የአፓርትመንታችን ኩሽና ነው። በቦታው የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፦ እሳቸው፣ ልጃቸው የሆነችው ባለቤቴ እና እኔ።

ሥጋው ከሁለቱም ጎን ሙሉ ሙሉውን ተነሥቶ አጥንቱ ባዶውን መቅረት ነበረበት። እንደዚያ አልሆነም። አንደኛው ጎን ተቦጫጭቆ ወጣ፤ የሌላው ጎን ግማሽ ሥጋ አጥንቱ ላይ ቀረ። አማቼ ቢላውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያም «የፈረንጅ ዓሣ አጥንቱ ጠማማ ነው» አሉ። ማናችንም አልሳቅንም። ፈተናቸው ቅዳሜ ነበር።

ያኔ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ከጀልባ የወረደ ቆሮሶና አምባዛ ሲገፍፉና ሲሰነጥቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤቴ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ስላደገች አባቷን የምታውቃቸው ለበዓል ሲመጡ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ሳሎን ተቀምጠው ነው። ሥራቸው ላይ አይታቸው አታውቅም። እኔም አላየኋቸውም። እኔ የማውቃቸው ዴንቨር ከመጡ በኋላ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሥራቸው ሌላ ሆነ። ዳውንታውን ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ ከመሬት በታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ በመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጠው የፓርኪንግ ቲኬት ይቀበሉ ነበር።

«ሰው ሲሞት አንዴ ነው የሚወርደው፤ እኔ በሳምንት አምስት ቀን እወርዳለሁ» ይሉ ነበር።

በእረፍት ቀናቸው በእግራቸው ይዞራሉ። ኦሮራ ውስጥ አንድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጃፓናዊ የዓሣ ሱቅ ነበራቸው። አማቼ ከመስታወቱ ውጭ ቆመው የቆራጩን እጅ እያዩ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። አንድ ቀን ከሥራ ወደ ቤት ስመልሳቸው «መኪናውን እዚህ ጋ ፓርክ አድርገው» አሉኝና ወደ መስታወቱ ወሰዱኝ። አዩ፣ አዩና፣

«ያ ሰው ዓሣውን ሁለተኛ እየገደለው ነው» አሉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያ ቆራጭ ሥራ ለቀቀ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አነበብኩላቸውና አብረን ገባን፤ እኔ አስተረጎምኩ። ባለ ሱቁ ብዙ አልጠየቁም። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ፊታቸው አንድ ሳልመን እንዲቆርጡላቸው ብቻ ፈለጉ። ጥሩ ከሆነ ሥራው የአማቼ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው ይሞከራል። ሁለተኛ ዕድል የለም። ልንወጣ ስንል፣

«ቢላውን ራሱ ይዞ ይምጣ» አሉኝ። በሳቸው አገር ቆራጭ የሰው ቢላ አይዋስም።

አማቼ መኪናው ውስጥ ቀበቶ እያሰሩ «የወጥ ቤቱ ቢላ አለ አይደል?» አሉ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ጃፓናዊ ናቸው፣ የጃፓን ቢላ ይዘው ቢቀርቡ ይሻላል፣ እኔ እገዛለሁ አልኳቸው። አልተከራከሩኝም።

ዜና ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ በጋዜጣ፣ በኋላ እዚህ ለኛው ሰው በሚተላለፍ ሳምንታዊ ሬዲዮ። ስለ ቢላውም እንደ ዜና ነው የሠራሁት። ዳውንታውን የጃፓን የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ማስታወሻ ደብተር ይዤ። ለዓሣ የሚሆነው ቢላ ዴባ ይባላል። ጀርባው ወፍራም፣ ክብደቱ ወደ እጀታው ያደላ ነው፤ ጭንቅላት በዚያ በወፍራሙ በኩል ይቆረጣል፣ ሥጋው ደግሞ በቀጭኑ ጫፍ ይላቀቃል። እንደኛ ቢላ በሁለት ጎን አልተሳለም። አንደኛው ጎን ወደ ስለቱ ያዘቀዝቃል፤ ሌላኛው ጠፍጣፋ ነው፣ እንዲያውም መሐሉ ለዓይን እምብዛም በማይታይ ሁኔታ ሰርጎድ ያለ ነው። ሲቆረጥ ጠፍጣፋው ጎን አጥንቱ ላይ ተኝቶ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ሥጋ የማያስቀረው።

ሻጯ አንድ ጣቷ ላይ ፕላስተር የለጠፈች፣ የማትቸኩል ሴት ነበረች። ከመሳቢያው ሦስት ቢላ አውጥታ ጨርቅ ላይ ደረደረችና ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ምን ዓይነት ዓሣ ነው የሚቆርጠው?»

«ሳልመን። ሙሉውን።»

ትንሹን ወደ መሳቢያው መለሰችው።

«ማን ነው የሚያጥበው? ሌላ ሰው ሲንክ ውስጥ ጥሎት የሚሄድ ከሆነ የማይዝገውን ልስጥህ። ራሱ አጥቦ ወዲያው የሚያደርቀው ከሆነ ይሄኛው ይሻለዋል፤ ይዝጋል፣ ግን ስለቱ ሌላ ነው።»

«ራሱ ነው የሚያጥበው።»

«ቀኝ እጁን ነው የሚጠቀመው ወይስ ግራ?»

«ቀኝ።»

ደብተሩ እስከ ዛሬ አለ። በአንድ መስመር ተጽፏል፦ ዓሣ፣ ሳልመን፤ የሚያጥበው፣ ራሱ፤ እጅ፣ ቀኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች ከራሳቸው ከአማቼ ጠይቄ ነው ያገኘኋቸው። ሦስተኛውን ማንንም አልጠየቅኩም። በቀኛቸው ሲያጎርሱኝ፣ በቀኛቸው ሲጨብጡ፣ ውኃ ሲያቀብሉ እንኳ ግራቸውን ከቀኝ ክንዳቸው ሥር ደገፍ አድርገው ሲሰጡ አይቻቸዋለሁ። ያየሁት እውነት ነው። የጠየቀችኝ ግን ስለዚያ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቢላውን ሰጠኋቸው። ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ሳጥኑን ከፍተው ብዙ አዩት፤ ወደ መስኮቱ አዙረው በጀርባው በኩል፣ ከዚያ በስለቱ በኩል ተመለከቱት። ጠፍጣፋውን ጎን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ትንሽ ቆም አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ይሄ የእጅ ሥራ ነው» አሉ።

ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «ዲሽዋሸር ውስጥ ይገባል?» አለች።

«አይገባም።»

«ሎሚ ይቆርጣል?»

«አይ። ያጠቁረዋል።»

«አጥንትስ?»

«የዓሣ ጭንቅላት ብቻ።»

«ታዲያ ምኑ ቢላ ነው፣ ሙሽራ ነው እንጂ!» አለች። አማቼ ሳቁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስሙ ሙሽራው ሆነ። ሙሽራው ደርቋል? ሙሽራው የት ገባ?

ሻጯ አንድ ገጽ የአያያዝ መመሪያ ሰጥታኝ ነበር። ሰኞና ማክሰኞ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። እሳቸው እያንዳንዱን መስመር «ለምን?» ብለው ያስቆሙኛል፤ አንዳንዱን ሳልጨርስ እሳቸው ይጨርሱታል። የመሳያው ድንጋይ ውኃ ጠጥቶ አረፋ መስጠት ሲያቆም ነው መሳል የሚጀመረው። የሚሳለው ያዘቀዘቀው ጎን ነው፤ ጠፍጣፋው ጎን በመጨረሻ ድንጋዩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይሳባል፤ በስለቱ ላይ የተነሣችውን ቀጭን ጢም ለማንሣት። እኔ ልረዳ ብዬ ከመሳቢያ ሞረድ ይዤ ስመጣ ከእጄ ቀሙኝ።

«ይሄ ለሉካንዳ ነው። በሁለት በኩል ትፈገፍግና ቢላው የማንም ቢላ ሆኖ ይቀራል።»

ድንጋዩን እርጥብ ፎጣ ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ቢላው ላይ አድርገው፣ ክርናቸውን ከጎናቸው ሳያርቁ ይስሉ ነበር። የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው፤ ከፍ ዝቅ አይልም። አፓርትመንቱ ትንሽ ስለነበር ሳሎን ተቀምጬ ዜና ስጽፍ ይሰማኛል። ዛሬ ፓርክ ሂል ሰፋ ያለ ቤት ነው የምንኖረው፤ ከኩሽናው እስከ ጠረጴዛዬ ድምፅ አይደርስም። አማቼም ካረፉ ሁለት ዓመት አለፈ። ያን ድምፅ መስማት ስፈልግ ራሴ ነኝ የምስለው።

ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ። ቢላው ከዓሣው እንደተለየ ይታጠባል፤ በሙቅ ውኃ ሳይሆን በቀዝቃዛ፣ ሙቅ ውኃ የዓሣውን ደም ያጣብቀዋልና። ወዲያው ይደርቃል፤ እጀታው የሚገባበት ሥር እንኳ በጨርቅ ጫፍ ይደርቃል። ከዚያ ሽታ የሌለው ዘይት፣ ከፋርማሲ የሚገዛው፣ በጣት ይቀባል። የወጥ ዘይት አይሆንም፤ ሲቆይ ይጣበቃል። በመጀመሪያው ወር የኑግ ዘይት ቀብተነው ቢላው እንደ ማር ሆኖ ጨርቅ ይዞ ቀረ፤ በሆምጣጤ እንዳናነሣው ደግሞ መመሪያው ይከለክላል። በኋላ በሳሙናና በትዕግሥት ለቀቀ። መመሪያው ያልጻፈው አንድ ነገር ቢኖር የዴንቨርን አየር ነው። እዚህ ክረምት ከንፈር እንደሚሰነጥቀው ሁሉ እንጨትም ይኮማተራል። ጥር ላይ እጀታው ላላ፤ ይዘው ሲነቀንቁት ጠቅ ጠቅ ይላል። አማቼ አልደነገጡም። እጀታውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አንድ ቀን አሳደሩት፤ እንጨቱ አብጦ ብረቱን መልሶ ያዘ። አሁንም በየጥሩ ይህንኑ አደርጋለሁ።

ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ። ሳልመኑ ከተበላሸ በኋላ ባለቤቴ የተረፈውን ሥጋ ከአጥንቱ ላይ በማንኪያ ፍቃ ዱለት ሠራችው። ጥሩ ነበር፤ በላነው። አማቼ ለመተኛት ከገቡ በኋላ ባለቤቴ በሹክሹክታ፣

«አርጅተዋል መሰለኝ። እጃቸው ደክሟል» አለችኝ።

«አንድ ዓሣ ነው የተበላሸው።»

«አንተ ደግሞ! ቅዳሜ የሚሰጧቸውም አንድ ዓሣ ነው። ሰው ፊት ሲዋረዱ ቆመህ ልታይ ነው? ይቅርብዎት በላቸው።»

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኳት። ልነግራቸውም ወስኜ ነበር።

ዓርብ ለሬዲዮ ልቀርጸው የነበረ ቃለ መጠይቅ ተሰረዘና ከቀኑ ስድስት ሰዓት ግድም ቤት ተመለስኩ። የኩሽናው በር ገርበብ ብሏል። አማቼ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ጣውላው ላይ ከሱቅ የመጣ ሙሉ ቆሮሶ አለ፤ ጎኑ ላይ አንድ ሌላ ተቦጫጭቆ ተቀምጧል። አዲሱን ቢላ በግራ እጃቸው ይዘዋል። ስለቱን ከጀርባው በኩል አስገብተው ሳቡት፤ ቢላው ከአጥንቱ ላይ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፣ ሥጋውን ሰንጥቆ። «አይ አንተ!» አሉት፤ እንደ ሰው። አስቀመጡትና የወጥ ቤቱን ቢላ፣ ሽንኩርት የምንከትፍበትን፣ በዚያው በግራ እጃቸው አነሡ። ቆሮሶውን ገለበጡት። የሚቀጥለው ከደቂቃ ያነሰ ነው። ሥጋው እንደ ቅጠል ተነሣ፤ አጥንቱ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

ሲዞሩ አዩኝ። ቢላው ቶሎ ወደ ቀኝ እጃቸው ተላለፈ።

«መቼ መጣህ?»

«አሁን። አባባ፣ ግራኝ ነዎት እንዴ?»

«ለዓሣ ብቻ።»

«ለዓሣ ብቻ ግራኝ አለ?»

«እናቴ ግራ እጄን በመቀነት አስራ ነው ያሳደገችኝ። በዚህ እጅ አይበላም፣ አይሰጥም፣ አይቀበሉም። እሺ አልኩ፣ ለመድኩ። ሐይቅ ዳር ግን እናቴ የለች። ቀኜ ዓሣ አያውቅም፤ ለምዶ አያውቅም።»

«ታዲያ ሐሙስ ዕለት ለምን በቀኝ ቆረጡ?»

«ልጄ ቆማ፣ አንተ ቆመህ፣ የምትበሉትን ዓሣ በግራዬ ልይዝ?»

«ቢላውስ? እሑድ ዕለት ሲዳስሱት አውቀው ነበር?»

የወጥ ቤቱን ቢላ ጣውላው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ፣

«በየትኛው ጎን እንደተሳለ ዓይን ያለው ሰው ያየዋል» አሉ። «አንተ ግን ሁለት ጊዜ ተመላልሰህ፣ ጽፈህ፣ ጠይቀህ አመጣህልኝ። ይሄ የእኔ እጅ አይደለም ልበልህ?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ወደ ሱቁ ደወልኩ። ሻጯ ለግራ እጅ የሚሆነው በትዕዛዝ እንደሚሠራና ወራት እንደሚወስድ ነገረችኝ። በሁለት ጎን የተሳለ ሌላ ቢላ ልግዛ ብዬ ጃኬቴን ሳነሣ አማቼ ያዙኝ።

«ተው። ሰውየው የራስህን ቢላ ነው ያሉት። የእኔ ይሄ ነው፤ የሰጠኸኝ። በቀኜ እቆርጣለሁ።»

«ሐሙስ ዕለት አየነው እኮ አባባ።»

«እስከ ማታ እለማመዳለሁ።»

«ስድሳ ዓመት ያልለመደ እጅ እስከ ማታ ይለምዳል?»

«በማላውቀው ሰው ፊት፣ በሱቃቸው፣ ሰው የሚገዛውን ምግብ በግራዬ አልነካም። አለቀ።»

ይቅርብዎት ማለቱን አልቻልኩም። አሁን ችግሩ የእጃቸው ድካም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ ነገርኳት፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ ሰማችኝና «አባዬ ግራኝ ናቸው?» አለች። ሦስቴ ደጋገመችው።

ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀደም ብለን ደረስን። ባለ ሱቁ ነጭ ሽርጥ አስረው ጠበቁን። ሳልመኑ ከበረዶ ወጥቶ ጣውላው ላይ ነበር። መጀመሪያ ቢላውን ጠየቁ። አማቼ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ስለቱን ጥፍራቸው ላይ ሞከሩ፣ ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ብርሃን አዘነበሉት።

«ማን ነው የሳለው?»

ተረጎምኩ። አማቼ ደረታቸውን በጣት ነኩ። ባለ ሱቁ አንገታቸውን ነቀነቁና መለሱላቸው።

አማቼ ቢላውን በቀኝ እጃቸው ያዙ። ጭንቅላቱን በወፍራሙ በኩል መቱት፤ በአንድ ምት ተለየ። ይህ እጅ አይመርጥም። ከዚያ ከጀርባው በኩል ስለቱን አስገቡ። የእጃቸው አንጓ ተገተረ። አንድ ስንዝር ያህል እንደሄዱ ባለ ሱቁ እጃቸውን አነሡ።

«አቁም በለው።»

አማቼ ሳልተረጉም አቆሙ።

ባለ ሱቁ የሚያዩት ዓሣውን አልነበረም። ወለሉን ነበር። «እግሩን እየው» አሉኝ። «ግራ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የቆመው። በቀኙ የሚቆርጥ ሰው እንደዚህ አይቆምም። ለምን እንደሆነ ጠይቀው።»

መልሱን አውቀዋለሁ። ጥያቄው ግን ለእኔ አልነበረም፤ አስተርጓሚ ያልተጠየቀውን አይመልስም። በአማርኛ እንዳለ ነገርኳቸው።

አማቼ እግራቸውን አዩ። ቢላውን ጣውላው ላይ ጋደም አደረጉት፣ ስለቱን ከሰው አዙረው። ፊታቸው ቀላ። ወደ እኔ ሳያዩ፣ እኔንም ሳይጠብቁ፣ ግራ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣

«ሌፍት። ሶሪ» አሉ።

ባለ ሱቁ ወደ ኋላ ገብተው እጀታው በአጠቃቀም ብዛት የነጣ፣ በሁለት ጎን የተሳለ ቢላ ይዘው መጡ። ቆራጭ የሰው ቢላ አይዋስም ያሉት እሳቸው ናቸው። ጣውላው ላይ፣ በአማቼ በስተግራ አስቀመጡት።

«ቶሎ በለው» አሉኝ። «ዓሣው እየሞቀ ነው።»

«ቶሎ በሉ፣ ዓሣው እየሞቀ ነው ይላሉ አባባ።»

አማቼ ግራ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ቀኛቸውን ዓሣው ላይ አሳረፉ። ቢላውን አነሡ። ሲቆርጡ ሙሉውን ያየሁት ያን ዕለት ነው የመጀመሪያዬ። ትከሻቸው ወረደ፤ የእጃቸው አንጓ ተፈታ፤ አንዴ ከአንገት እስከ ጭራ፣ ገለበጡት፣ አንዴ ደግሞ። የጎን አጥንቶቹን በቢላው ጫፍ አንሥተው ሥጋውን ጎን ለጎን አጋደሙት። ቢላውን አጠቡ፣ አደረቁ፣ ካነሡበት ቦታ መለሱ።

ባለ ሱቁ አጥንቱን ከጭራው ይዘው አነሡና ወደ መስኮቱ አቀረቡት። ብርሃኑ በአጥንቶቹ መሐል አለፈ።

«ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» አሉ። ተረጎምኩ።

ሰኞ አማቼ የፓርኪንጉን ዩኒፎርም አጥበውና አጣጥፈው መለሱ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ሱቁ በር ላይ አወረድኳቸው። በኋላ በር ገቡ። የመጀመሪያው ዓሣ ሃሊበት የሚባለው ትልቅ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነበር።